ባዶ አድርገህ አስተካክለው

ደሳለው በታሰረ በሦስተኛው ቀን ጧት፣ እኅቱ አገኘሁሽ ቁርስ ስታቀርብ የወንድሟን ድርሻ በእጇ ከፍላ ወደ መሶቡ አንድ ጥግ ገፋችው። ባሏ በላቸው ከፊቱ ያለውን እየቆረሰ ወደዚያ ጥግ እንዳይደርስ እጁን ሲሰበስብ ቆየ። ሁለት ሰዎች ሲበሉ የሦስተኛ ሰው ድርሻ ሳይነካ በመካከላቸው መቀመጡ ምግብ አያስውጥም። እሷ ባሏን አታወራውም። ሦስት ቀን ሙሉ ለእሱ ከአፏ የወጣው «ውሃ ቀዳሁ»፣ «በሩን ዝጋው» እና «ላምባ አልቋል» ብቻ ነው። ላምባ በጠርሙስ ሃያ አምስት ሳንቲም መግባቱን እንኳ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ግማሽ ቀን የምታማርርበትን፣ በዝምታ አለፈችው። በላቸው ብትጮህበት ይመርጥ ነበር። ቤታቸው ወረታ ገበያ ዳር ያለች፣ ከነጋዴው ከሙህዲን ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ የምትለይ አንድ ክፍል ናት። ግድግዳው ከጣራው ጋር ስለማይገናኝ ወሬ በላዩ ይሻገራል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ ለሙህዲን ሚስት ለሰኪና ስትነግራት ከደጅ ሰምቷል። «ባሌ እኮ የሚያምን ወረቀት ነው» አለቻት። «እኔን አይጠይቅ፣ ልጁን አይጠይቅ። ወረቀት!» በላቸው እግሩን ከደጃፉ መልሶ ጥቂት ቆመና፣ ገና አሁን እንደደረሰ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ገባ። እሷም እንዳላወራች፣ እሱም እንዳልሰማ ሆነው አመሹ።

ለሥራ ሲነሣ የተከፈለውን ድርሻ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው። «ለወንድሜ አድርስለት» አለች። ድሮ «ደሴ» ነበር የምትለው። ከሦስት ቀን ወዲህ ግን ለባሏ ስታነሣው «ወንድሜ» ሆኗል፤ በላቸው እንደማያውቀው ሰው።

ጥፋቱን የተናገረው ራሱ በላቸው ነበርና ይህ ዝምታ ያለ ነገር አልመጣም። ከወረታ የአንድ ሰዓት መንገድ፣ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው ሜዳ ላይ፣ ከጉማራ ወንዝ ውሃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማ አንድ እርሻ በ1956 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ሞተሩ ውሃውን ከአንድ ጉብታ አናት ላይ ወዳለ የሲሚንቶ ገንዳ ይገፋዋል፤ ከገንዳው በወፍራም ቧንቧ ወደ ማሳው ይወርዳል። ቧንቧው ከጉብታው ግርጌ በሞተር ቤቱ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ላይ ሳራቺኔስካ የሚሉት ትልቁ የውሃ መዝጊያና መለኪያው አሉ። መለኪያው መስተዋት ያለው ሳጥን ሲሆን፣ በውስጡ በሰዓት ሞተር የሚዞር ክብ ወረቀትና ቀይ ቀለም የሚተፋ ብዕር አለው። ወረቀቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ብዕሩም ምን ያህል ውሃ እንዳለፈ ቀንም ሌሊትም ይጽፋል። የመለኪያው ጠባቂ በወር አርባ አምስት ብር የሚያገኘው በላቸው ነው። የሌሊት ዘበኛው ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመቱ አማቹ ደሳለው ነበር፤ ዋስ ሆኖ ያስቀጠረውም በላቸው ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ብዕሩ ሌሊት ሌሊት፣ መዝጊያው ተዘግቶ ሳለ፣ አራት ቁጥር ላይ ቀይ መስመር ያሰምር ጀመር። በላቸው የሁለት ሳምንቱን ወረቀት ይዞ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ አዛናው ገባ። አቶ አዛናውም ነገሩን ወዲያው ፈቱት፦ ዘበኛው ሌሊት እየከፈተ ውሃውን ከብት ላላቸው ሰዎች በቅቤ እየለወጠው ነው። ደሳለው ቅዳሜ ዕለት ሲያዝ «ገንዳውን ወጥታችሁ እዩት እንጂ! ውሃ ኸወጣ ይጎድል የለም?» ብሎ ነበር። ወረቀት እያለ ማን ጉብታ ይወጣል? ከተማውም በላቸውን አመሰገነው፤ የገዛ አማቹን እንኳ የማይሸፍን ቀጥ ያለ ሰው ተባለ። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ምስጋናው በላቸውን ደስ አሰኝቶት ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ ልጁ እስከተያዘበት ጧት ድረስ ከእሱው መሶብ ሲበላ ከርሟል።

ሰኞ የወረቀት መለወጫ ቀን ነው። ፍርዱም በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለነበር አቶ አዛናው ወረቀቶቹን ፈርሞባቸው እንዲያመጣ አዘውታል። በላቸው ሞተር ቤቱ ሲደርስ በደሳለው ቦታ የተተካው አድማሴ የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። «ሌሊቱ እንዴት ነበር አባ?» አለው። «ሰላም። ኸጅብ በቀር የመጣ የለም» አለ አድማሴ። በላቸው ገብቶ የመስተዋቱን ክዳን ከፈተ፣ ያለቀውን ወረቀት ነቅሎ ወደ ብርሃኑ ያዘው፣ እጁም በዚያው ቀረ። የሰኞ ሌሊት አራት። የማክሰኞ አራት። እንዲህ እያለ አርብ ድረስ አራት። የቅዳሜና የእሑድ ሌሊትም አራት ነው። ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ደሳለው በወረታ ፖሊስ ጣቢያ ተቆልፎበት ነበር።

መጀመሪያ ያሰበው አድማሴን ነበር፤ ሰው ክፉ ለማሰብ መቼም አይዘገይም። በደጁ አሻግሮ ሽማግሌውን አየው፤ እግሩ አብጦ በትሩን ተደግፎ ነው የሚነሣ፣ ያንን የብረት መዘውር ሊያዞር ቀርቶ ጫማውንም በጭንቅ ነው የሚያስር። በላቸው ያኔ ልጁ የተናገረው ትዝ አለውና ጉብታውን ወጣ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ገንዳው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ሞልቶ ከተዘጋ ወዲህ ሞተሩ አልተነሣም፣ ውሃው ግን ከሲሚንቶው ከንፈር ስንዝር እንኳ አልወረደም። አራት ቁጥር የሚያህል ውሃ ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ቢፈስ ኖሮ ከገንዳው የሰው ቁመት ያህል ይጎድል ነበር። በላቸው ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከታች ሜዳው ሽምብራና ጓያ ለብሶ ይታያል፣ የፎገራ ከብቶች ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ የሚጠጡት ከወንዙ ነው፣ እንደ ወትሯቸው።

ወርዶ ሳጥኑን መረመረ። ከወፍራሙ ቧንቧ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ወጥተው ወደ ሳጥኑ በግራና በቀኝ ይገባሉ። ውሃ ሲሄድ የፊተኛው ቱቦ ከኋለኛው ይበልጥ ይገፋል፣ ብዕሩም ልዩነቱን ይጽፋል። ውሃ ሲቆም ሁለቱ እኩል ስለሚገፉ ብዕሩ ባዶው ላይ፣ ማለት ከመጀመሪያው መስመር ላይ፣ መቆም አለበት። በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ሩቢኔት የምትባል አንዲት ትንሽ መክፈቻ አለች፤ በላቸው ምን እንደምትሠራ ጠይቆ አያውቅም። አሁን ከፈታት። ግራና ቀኙ ተገናኙ፣ ያለ ጥርጥር እኩል ሆኑ፤ ብዕሩ ግን አራት ላይ ቀረ። ከዚያ ቱቦዎቹን ከቧንቧው ዘግቶ በውስጣቸው የታመቀውን ውሃ አስተነፈሰው፤ ውሃው ፊቱ ላይ ተረጨ፣ ብዕሩም ወርዶ ባዶው ላይ ቁጭ አለ። መልሶ የገንዳውን ክብደት ለቀቀበት፤ ብዕሩ ተነሥቶ አራት ላይ ወጣ። ሦስት ጊዜ ደገመው። መለኪያው የሚጫነው ሳይኖር ቀጥ ብሎ፣ ከላይ ያ ሁሉ ውሃ በሁለት ወገን እኩል ሲጫነው የሚያዘነብል ነበር። የተሰረቀ ጠብታ ውሃ የለም።

ለምን እንዲህ እንደሆነም ያኔ ገባው። መለኪያውን የተከለው ፈረንጅ ከመሄዱ በፊት በዚያች ትንሽ ሩቢኔት ላይ ጣቱን እየቀሰረ ብዙ ተናግሮ ነበር። ከጎንደር የመጣው አስተርጓሚ ግን የመኪናው መሄጃ ደርሶበት ስለነበር ያን ሁሉ ንግግር በአንዲት ቃል ጠቀለለው፦ «በየሦስት ወሩ ባዶ አድርገህ አስተካክለው።» በላቸውም ቃሉን እንደ ዳዊት በልቡ ያዘ። ከሦስት ሳምንት በፊት የመጀመሪያው የሦስት ወር ቀን ሲደርስ ቱቦዎቹን ባዶ አደረገ፣ ውሃቸውን አፍስሶ አደረቀ፣ ብዕሩን በብሎኑ አስተካክሎ በሥራው ኮራ። ፈረንጁ ያለው ለካ ሌላ ነው፤ ውሃው እንደተጫነ ሩቢኔቷን ክፈትና ብዕሩን ባዶው ላይ አቁመው ነው። ቃሉ አንድ፣ ባዶው ግን ሁለት። «ሌባው» የመጣው እሱ መለኪያውን ባስተካከለበት ማግሥት ነበር፤ ይህን እንኳ ልብ አላለም።

ካቻቢቴውን አነሣ። ሩቢኔቷን ከፍቶ፣ የገንዳው ክብደት እንዳለ፣ ብሎኑን በስሱ አዞረው፤ ብዕሩ ከአራት ወደ ሦስት፣ ወደ ሁለት፣ ወደ ባዶው ወረደና ቆመ። አሁን ትክክል ነው። እጁን ሲጠርግ ግን ከትክክሉ ሥራ በስተኋላ የቆመውን ነገር አየው፤ ከዛሬ ጀምሮ የሌሊቱ መስመር ንጹሕ ይሆናል፣ ሰውም «ሌባው ሲታሰር ውሃው ቆመ» ይላል። እሱን የሚጠይቀው የለም። የሚያሳጣው ይህ አሁን የነቀለው ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀት ደግሞ ይቃጠላል። አርባ አምስት ብር በዚህ አገር ለማን ይገኛል? ማረሻ ከጨበጠ ስንት ዓመቱ ነው? ልጁ ወጣት ነው፣ ሦስት ወር ታስሮ ቢወጣ ምን ይሆናል? ይህን ሁሉ አሰበ፤ ማሰቡን ሲያስታውስ ዕድሜ ልኩን ያፍራል። ክብሪት ኪሱ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ከክብሪቱ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ከተተውና የሚስቱን ቋጠሮ ይዞ ወደ ወረታ ተመለሰ። አላቃጠለውም፤ አላቃጥልም ብሎም አልቆረጠም።

ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ያለው ወታደር ቋጠሮውን ፈትሾ አስገባው። ደሳለው ከባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አማቹን ሲያይ እንደ ወትሮው ብድግ አለ። በላቸው ይህን አልጠበቀም። ይሰድበኛል ብሎ ነበር፣ ለስድብም ተዘጋጅቶ ነበር። ልጁ ቋጠሮውን ተቀብሎ ሳይፈታው ጭኑ ላይ አኖረው።

«እቴ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ወረቀት ተሳስቶ ያውቃል?»

በላቸው ኪሱን በመዳፉ ሸፈነው። «ለምን ጠየቅኸኝ?»

«አቶ አዛናው ጧት መጥተው ነበር። ወረቀት አይዋሽም፣ እመንና ይቀልልሃል አሉኝ። እኔ አልከፈትሁም ስል ነበር።» ደሳለው የቋጠሮውን ጫፍ ይፈታትል ጀመር። «ግን ሦስት ቀን ተኝቼ ሳወጣ ሳወርደው፣ አንድ ሁለት ሌሊት ሸለብ አድርጎኛል። በንቅልፌ ተነሥቼ ከፍቼው ይሆን? ሰው በንቅልፉ ይሄድ የለ? አንድ አጎታችን እንዲያ ነበር ይባላል። አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ፣ ሳታጣራ አትናገርም። ወረቀቱ ኻልዋሸ፣ አንተም ኻልዋሸህ፣ የረሳሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አመንሁ እላለሁ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ልጁ ግን አላለቀሰም፣ እንዲያውም ነገሩን ስላገኘው ያረፈ ይመስል ነበር። በላቸውን ያስደነገጠው ይህ ዕረፍት ነው። አማቹ ሌባ ቢባል ችሎ ነበር፤ ንጹሑ ሰው ራሱን ሌባ አድርጎ ሲያገኘው ግን አልቻለም። «ምንም እንዳትል» አለው። «ሰማኸኝ? አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ሰዓቱ ገና ስምንት ሳይሆን ወደ ዳኛው ቤት ሮጠ። አርባ ዓመት ከሞላው ወዲህ ሲሮጥ ያየው ሰው አልነበረም፤ የገበያው ሰው ቆሞ አየው።

ዳኛው አቶ ገብረ ኪዳን በቤተ ክህነት ያደጉ፣ ቃል የሚመዝኑ ሽማግሌ ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ችሎቱ ሲቀመጥ አቶ አዛናውም መጡ፣ ደሳለውም ከወታደሩ ጋር ቀረበ። በላቸው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የቅዳሜንና የእሑድን ሌሊት በጣቱ አሳየ። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩትና ወደ ወታደሩ ዞሩ።

«በነዚህ ሌሊቶች ይህ ልጅ የት ነበር?»

«ኸኛው ዘንድ ጌታዬ። ቁልፉ ኸኔው ጋር ነው።»

«እንግዲያው አዲሱም ዘበኛ ሌባ ነዋ!» አሉ አቶ አዛናው ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ያም ይታሰር!»

«ሌባ የለም ጌታዬ» አለ በላቸው። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሚዛን እኮ የሚጫነው ሳይኖር ቀጥ ብሎ፣ በሁለቱ ወገን እኩል ኩንታል ሲያንጠለጥሉበት የሚያዘም አለ። ሁለቱ ወገን እኩል ናቸው፤ ያዘመመው ሚዛኑ ነው። እኔ ሳይጫን አይቼ ቀጥ ነው አልሁ።»

«እንደዚህ ያለ ዳኛም አውቃለሁ» አሉ አቶ ገብረ ኪዳን። ማንም አልሳቀም። «ያዘዘህ ሰው ምን ብሎ አዘዘህ?»

«ባዶ አድርገህ አስተካክለው ነው ያለኝ ጌታዬ። እኔም ባዶ አድርጌ፣ ውሃውን አፍስሼ፣ አስተካከልሁት።»

ዳኛው ቃሉን በከንፈራቸው ሁለት ጊዜ አመላለሱት። «እኔም ብሆን አፈሰው ነበር» አሉ። አቶ አዛናው «ለአማቹ ሲል ነው፤ ትናንት ያመጣውን ዛሬ ያፈርሳል» ብለው ቢከራከሩም፣ ሁለቱ ሌሊቶች ወረቀቱ ላይ ነበሩና ክርክራቸው አላዋጣም። ደሳለው በነጻ ተለቀቀ። አቶ አዛናው ከደጅ ሲወጡ እጃቸውን ዘረጉ፤ በላቸው የሞተር ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረው። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ነውና መንገዱን ቀጠለ።

ሁለቱ አማቾች ገበያውን አቋርጠው ወደ ቤት ሄዱ። አገኘሁሽ ደጃፍ ላይ ስታያቸው የበሩን መቃን ይዛ አለቀሰች፣ ከዚያም አፏ ተፈታ፤ ላምባ ሃያ አምስት ሳንቲም መግባቱን፣ ሰኪና በግድግዳው ላይ ስኳር ማቀበሏን፣ ወንድሟ ምን ያህል እንደከሳ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወራች። በላቸው ሥራውን መልቀቁን ሲነግራት «ተወው» አለች፣ እንደ ዱሮዋ ዐይኑን አይታ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መሶቡ ቀረበ። በላቸው ማንቆርቆሪያውን ከሚስቱ እጅ ወስዶ ለአማቹ እጅ ሊያስታጥብ ቆመ። «ኧረ ጋሼ፣ አይገባም!» አለ ደሳለው እጁን ሰብስቦ። «ታጠብ» አለው በላቸው። ልጁ እጁን ዘረጋ። በላቸው ይቅር በለኝ ሊለው ፈልጎ ውሃውን ብቻ አፈሰሰለት። ይቅርታው ስለ መለኪያው ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። በዚያ ሁሉ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ልጁን አስቀምጦ «አድርገኸዋል ወይ?» ብሎ አልጠየቀውም።

አገኘሁሽ ወጥ ልትጨምር ወደ ምድጃው ስትዞር ደሳለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አማቹ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ አትቆጣኝ እንጂ። በርግጥ አልከፈትሁትም?»

አገኘሁሽ ጭልፋውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች።

«አልከፈትህም» አለ በላቸው። «አልከፈትህም ደሴ።»

ልጁ እንዳመነ ሰው ሳይሆን እንደ ጨዋ ሰው «እሺ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መሶቡን በዐይኑ ለክቶ፣ ሙሉው እንጀራ ከፊቱ ተዘርግቶ ሳለ፣ ከአንዱ ጥግ ብቻ እየቆረሰ ይበላ ጀመር።